ስካሊኖ ወይስ ልሙጥ አፍንጫ፦ የአልፋ ቤርቶኔን ቦዲ ከመቁረጥ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ የጣልያን ስፖርት መኪና ሲታደስ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የሚቀረው ሞተሩ አይደለም። ሞተር ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ጠፍቶ የሚቀረው ቦዲው ላይ ያለው ትንንሹ ነገር ነው፦ የፓራውልቱ መገጣጠሚያ፣ የፍርግርጉ ዘንጎች ቁጥር፣ የኋላ ምሰሶው ላይ የነበሩት የዓርማ ቀዳዳዎች። ባትላሜራው ስቱኮ ለቅልቆ ቀዳዳውን ሲደፍን መኪናዋ ከፋብሪካ ምን ሆና እንደወጣች የሚመሰክረው ነገር አብሮ ይደፈናል።

የማወራው ስለ አልፋ ሮሜዮ 105 ኩፔ ነው፤ ብዙዎች በአጭሩ ቤርቶኔ ስለሚሏት። ጆርጄቶ ጁጃሮ በቤርቶኔ፣ በጣልያኑ የመኪና ቦዲ ነዳፊ ቤት፣ ሲሠራ የነደፋት ናት። በ1963 ቀረበች፣ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ አለፍ ብሎም ተመረተች። (የሞዴል ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ሁሉ ጊዜ ጣሪያዋ፣ ጎኗና በሮቿ ብዙም አልተለወጡም። የተለወጠው አፍንጫዋ፣ ፍርግርጓ፣ ፓራውልቷ፣ መብራቷና ውስጧ ነው። መዘዙም ከዚሁ ይመጣል። አብዛኛው ክፍል ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ስለሚገጥም የተጋጨችን የ1966 መኪና በ1972 አፍንጫ፣ 1300ዋን በ2000 ፍርግርግ አስተካክሎ መንዳት ይቻል ነበር፤ ተደርጓልም። ዛሬ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የምታገኟት ቤርቶኔ የሁለት ወይም የሦስት መኪና ድምር ብትሆን አይግረማችሁ።

ስለዚህ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ሊመለስ የሚችል ለውጥ አያስጨንቅም፤ ሌላ ሞተር፣ ሌላ ቸርኬ፣ ሌላ መሪ ነገ በብሎን ይፈታል። ላሜራ መቁረጥ ግን አይመለስም። ግራይንደሩ ከመነሣቱ በፊት መኪናዋ የትኛዋ እንደሆነች በማስረጃ መታወቅ አለበት።

ከሊብሬው ጀምሩ

የሻንሲው ቁጥር ኮፈኑ ሲከፈት በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ተመትቷል፤ የፋብሪካው ሰሌዳም እዚያው ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ከቁጥሩ በፊት የሚመጣው የዓይነት መለያ ነው ዋናው ቁልፍ። በግራ መሪ መኪኖች 105.02 ከሆነ የመጀመሪያዋ ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲ ናት፣ ባለ 1570 ሲሲ። 105.36 ጂቲ ቬሎቼ፣ 105.30 ጂቲ 1300 ጁኒየር፣ 105.44 ደግሞ 1750 ጂቲቪ ሲሆኑ፣ 105.21 ባለ 1962 ሲሲዋ 2000 ጂቲቪ ናት። የሞተሩ ቁጥር ለብቻው ይነበባል። 00502 የስፕሪንት ጂቲ፣ 00536 የቬሎቼ፣ 00530 የ1300 ጁኒየር፣ 00548 የ1750፣ 00512 የ2000 ነው።

ሦስቱን አስተያዩ፦ ግድግዳው ላይ የተመታውን፣ ሰሌዳውን፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን። ሰሌዳ በሁለት ሪቬት የተያዘች ቁራጭ ናት፤ ከሌላ መኪና ልትመጣ ትችላለች። ላሜራ ላይ የተመታ ቁጥር ግን በቀላሉ አይዛወርም። የሻንሲ ቁጥሩና ሊብሬው ካልተስማሙ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ጉዳዩ በትራንስፖርት ቢሮ በኩል ይጣራ። ሞተሩ ካልተስማማ ግን አትደንግጡ። የ1300ን ሞተር አውጥቶ 2000 ማስገባት በየአገሩ የተለመደ ነው፤ ብሎኮቹ አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ያለ ብዙ ትግል ይገባል። ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት እንጂ ቦዲውን አልጎዳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተር ክፍሉ ሲፋቅ የቁጥሩ ቦታ በወፍራም ፕላስተር ይሸፈን፣ በእጅ ብቻ ይጸዳ። ዲስክ አንድ ጊዜ ካለፈበት ቁጥሩ ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ሕጋዊ መኪናችሁ አጠራጣሪ ሆነች ማለት ነው።

አፍንጫው

የመጀመሪያዎቹ ስካሊኖ ይባላሉ። የኮፈኑ የፊት ጠርዝ ከአፍንጫው ላሜራ 6 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከጎን ሲታይ ትንሽ ደረጃ ይሠራል። ስፕሪንት ጂቲ፣ ጂቲ ቬሎቼ፣ ጂቲኤ እና እስከ 1970 የተሠሩት 1300 ጁኒየሮች እንዲህ ናቸው። በ1968 መጀመሪያ የቀረበችው 1750 ጂቲቪ ደረጃውን አስወግዳ በልሙጥ አፍንጫና በአራት የፊት መብራት መጣች። በ1970 ጁኒየሯም ልሙጡን አፍንጫ ወሰደች፣ መብራቷ ግን ሁለት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አራት መብራት ያላት ሁሉ ጂቲቪ አይደለችም፤ ከ1974 ወዲህ ጁኒየሮቹም የ2000ዋን ፊት ለብሰው ወጥተዋል። ባለ ሁለት መብራት ልሙጥ አፍንጫም «የተበላሸች ስካሊኖ» አይደለችም፤ ራሷን የቻለች፣ ከፋብሪካ እንዲሁ የወጣች መኪና ናት። ስካሊኖ በዋጋ ስለሚበልጥ ብቻ የ1971 ጁኒየርን አፍንጫ ቆርጦ ደረጃ የሚሠራ ሰው ሁለት መኪና ነው የሚያጠፋው፤ የነበረችውንም፣ ልትሆን የተፈለገችውንም።

የተቀየረ አፍንጫን ከውስጥ እዩት። መብራቶቹን አውጡና በእጅ ባትሪ የላሜራውን መገጣጠሚያ ተከተሉ። የፋብሪካ ነጥብ ብየዳ ክብ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ፣ እርቀቱ የተመጣጠነ ምልክት ይተዋል። በእጅ የተበየደው ጉብታ አለው ወይም ተሞርዷል፤ ዙሪያው ሙቀት ያጠቆረው ላሜራ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ ቀለም ይታያል። የግራና የቀኝ መብራት ጎድጓዳ ጠርዝ በቅርጽ ካልተመሳሰለ አንዱ ወገን ተመትቶ ነበር ማለት ነው። ኮፈኑም ይናገራል። የስካሊኖና የልሙጡ ኮፈን የፊት ጠርዛቸው ስለሚለያይ ባትላሜራ አንዱን በሌላው ላይ ሲያስገድድ ጥጎቹ ላይ የስቱኮ ክምር ይቀራል።

ፍርግርጉን በመቁጠር ብቻ ብዙ ይለያል። ቬሎቼ በጥቁር መረብ ላይ ሦስት አግድም የክሮም ዘንግ አላት፤ መካከል ላይ ያለው ልብ (የአልፋ መለያ የሆነው ጋሻ መሰል ክፍል) ሰባት ዘንግ ነው፣ የስፕሪንት ጂቲ ልብ ግን ስድስት። የመጀመሪያዋ 1300 ጁኒየር በጥቁር መረብ ላይ አንድ ዘንግ ብቻ አላት፤ ርካሿ እህት እንደነበረች ይታወቅ ዘንድ። የ2000 ጂቲቪ ፍርግርግ ሙሉ በሙሉ አግድም ዘንግ ሲሆን ልቡ የሚታየው ዘንጎቹ ራሳቸው ወደ ፊት ስለሚወጡ ነው። በጁኒየር ላይ ባለ ሦስት ዘንግ ፍርግርግ ካያችሁ መኪናዋን አትጣሏት፣ ዋጋውን ግን አስተካክሉ። ፍርግርግ በቪቴ ነው የሚያዘው።

ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ስቱኮ ለመፈለግ ብቻ አይደለም። በ1965 የወጣችው ጂቲኤ የውጭ ላሜራዋ ፔራሉማን የሚባል የአሉሚኒየም ቅልቅል ነው፣ በሪቬት የተያዘ፤ ማግኔት አይዝም። የተሠሩት 500 ያህል ብቻ ስለሆኑ በራችሁ ላይ የመምጣቷ ዕድል ከምንም አይቆጠርም። ከመጣች ግን በአንድ ባትላሜራ መዶሻ እንኳ እንዳትነኳት።

ዓርማ፣ ቀዳዳ፣ ፓራውልት

ዓርማ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይገዛል። ቀዳዳው ግን ቦዲው ላይ ይኖራል፣ ከውጭ ቢደፈንም ከውስጥ ይታያል። የኋላውን ምሰሶ የውስጥ ልብስ ፈትታችሁ በመስተዋትና በባትሪ ተመልከቱ። ጂቲ ቬሎቼ እዚያ ላይ ክብ፣ ነጣ ባለ መደብ ላይ አረንጓዴ ባለ አራት ቅጠል ዓርማ ነበራት። 1750 ጂቲቪ ወርቃማውን እባብ፣ 2000ዋ ደግሞ እንደገና አረንጓዴውን ቅጠል ይዘው ወጥተዋል። የመጀመሪያዋ ስፕሪንት ጂቲ ምሰሶዋ ባዶ ነው። እንግዲህ ሻንሲዋ 105.02 በሆነች መኪና ምሰሶ ላይ ቀዳዳ ካለ ከጊዜ በኋላ የተበሳ ነው። 105.36 ሆና ቀዳዳ ከሌለ ደግሞ ያ የኋላ ጎን በሙሉ ተቀይሯል ወይም ተደፍኗል፤ ምርመራው እዚያ ይጠብቃል። የፊት ፓርፋንጎው ላይ ያለችው «ዲዜኞ ዲ ቤርቶኔ» የምትል ቀጭን ጽሑፍም እንዲሁ ናት። ቀዳዳዎቿ ከጠፉ ፓርፋንጎው ተቀይሯል ወይም ታች ድረስ በስቱኮ ተሞልቷል።

ቀዳዳ ከመደፈኑ በፊት እርስ በርስ ያለው ርቀትና ከጠርዝ ያለው ልክ በካሊፐር ይለካ፣ በወረቀት ይነሣ። ግልጽ ፕላስቲክ አንጥፎ በማርከር መገልበጥ ከፎቶ ይሻላል። ፎቶ ልክ አይይዝም።

የዓርማው እግር ከተሰበረ ፒያሳ ወርቅ ቤት ወስዶ ማስበየድ የሚያምር ሐሳብ ይመስላል። ሆኖም የኢናሜሉ መስታወትና ሥሩ ያለው ብረት በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ ነበልባል ሲነካው ኢናሜሉ ይሰነጠቃል። ለወርቅ ሠሪው የሚሰጠው እግር ብቻውን ይሁን፦ ትንሽ ክብ ሰሌዳ ላይ የቆመ ቀጭን ሽቦ ይሥራላችሁ፣ እናንተ በኤፖክሲ ማጣበቂያ ከዓርማው ጀርባ ትለጥፉታላችሁ።

ፓራውልት ላይ ደግሞ የብዙ ሰው ገንዘብ ይባክናል። የስፕሪንት ጂቲ ፓራውልት ክሮም የተነከረ ተራ ብረት ነው። የቬሎቼው ቅርጹ ያው ሆኖ የማይዝግ ብረት ነው፤ የፊቱ ከሁለት፣ የኋላው ከሦስት ቁራጭ ተገጣጥሞ መገናኛው ላይ ሪቬቱን የሚሸፍን ትንሽ ክዳን አለው። ያቺን ክዳን «የተሰነጠቀ ፓራውልት መጠገኛ» መስሏቸው አስበይደው ያስሞረዱ አሉ። የማይዝግ ፓራውልት ክሮም አይፈልግም። ይቃናል፣ በ400፣ በ600፣ በ1000 የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ በጨርቅ ዲስክና በማብሪያ ሳሙና ይወለወላል። ተራው ብረት ግን ከክሮሙ በፊት መዳብና ኒኬል ሊነከር ይገባል። ክሮም ብቻውን በጣም ስስ ነው፣ ውሃ ያስገባል፤ ሥር ካልተሠራለት ክረምቱ ሳያልቅ ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል። ሥራውን የሚወስደውን ሰው መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው፤ መልሱ «ያው ክሮም ነው» ከሆነ አመስግናችሁ ሂዱ። እስከዚያ አሮጌውን አጽድቶ መግጠም ይሻላል።

የመብራትና የመስታወት ጽሑፎችንም አንብቡ። የኋላ መብራቱ ፕላስቲክ ላይ ካሬሎ ወይም አልቲሲሞ የሚል ስም አለ፤ ግራና ቀኙ ከአንድ ሠሪ ይሁኑ። የጎን መስታወት ጥግ ላይ ያለው የፋብሪካ ማኅተም በሁሉም መስታወት ላይ አንድ ከሆነ ያ በር ተመትቶ መስታወት አልቀየረም ማለት ነው። የ2000ዋ የኋላ መብራት ከቀደሙት ይሰፋል፤ ለትንሹ መብራት በተሠራ ጎን ላይ ሲገጠም ላሜራ ተቆርጦ ነው።

ቸርኬ ለመመለስ ቀላሉ ነገር ነው። ስፕሪንት ጂቲና ቬሎቼ 15 ኢንች፣ ከ1750 ወዲህ 14 ኢንች።

ባትላሜራው ዘንድ

እዚህ አገር መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። አንድ የአውሮፓ ቤርቶኔ በሃያ ዓመት የምትበሰብሰውን እዚህ በሃምሳ ዓመትም ላትበሰብስ ትችላለች። የኛን የሚገድላት የክረምት ጭቃ የሚጠራቀምበት ቦታና አሮጌ ጥገና ነው። ጭቃ የሚቀመጠው በፊት ፓርፋንጎ ከኋላው ግርጌ፣ በበሩ ደፍ ጫፍና ጫፍ፣ በክሪክ ማስገቢያው፣ በኋላ ጎማ ቅስት ከንፈር፣ ስኮርታው (ተጠባባቂ ጎማው) በሚተኛበት ጎድጓዳ፣ ከራዲያተሩ ሥር ባለው አግዳሚና በፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ነው። የወለሉን ምንጣፍ አንሥታችሁ በጠመንጃ መፍቻ እጀታ አንኳኩ፤ ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ይታፈናል።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ካገኛችሁ ጥሩ። ከ100 እስከ 150 ማይክሮን የፋብሪካ ውፍረት ነው፤ ከ300 በላይ ድጋሚ የተቀባ፣ ከ1000 በላይ ሥሩ ስቱኮ ነው። መለኪያ ከሌለ ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አንሸራትቱ።

ደፉ የዚህ ቦዲ አከርካሪ ነው። መኪናዋ ከሥር የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ደፉ ደግሞ አንድ ላሜራ ሳይሆን ሦስት ነው፦ የውጭው፣ መካከለኛውና የውስጡ። ብዙ ጊዜ የሚደረገው የበሰበሰውን የውጭ ላሜራ ሳያነሡ በላዩ አዲስ መለጠፍ ነው። ከውጭ ያምራል፤ ከውስጥ መካከለኛው መበስበሱን ይቀጥላል፣ በሁለት ላሜራ መካከል ውሃ ይተኛል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ በሩ ሲከፈት ወደ ታች መውረድ ይጀምራል።

ትክክለኛው አካሄድ ዘገምተኛ ነው። በሮቹ ተገጥመው እያሉ በዙሪያቸው ያለውን ክፍተት በየቦታው ለኩና ጻፉ፤ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ቢሆን ደስ ይላል፣ ዋናው ግን ከላይ እስከ ታች መመጣጠኑ ነው። ከዚያ በሩ ይወጣና ክፍት ቦታው በ25 በ25 ሚሊሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ይደገፋል፤ አንዱ ቁራጭ ከማጠፊያው ወደ መዝጊያው፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ ሰያፍ። መኪናዋ በካቫሌቶ (በማቆሚያ እግር) ላይ ስትሆን ካቫሌቶው ከጎማዎቹ መያዣ አጠገብ ይቁም፤ መሐሏን በክሪክ ደግፎ ደፍ መቁረጥ ቦዲውን እንደ ሙዝ ያጎብጠዋል። አንድ ወገን ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ በሩ ተመልሶ ተሰቅሎ ሳይለካ ሌላው ወገን አይነካም።

ላሜራው 0.8 ወይም 1 ሚሊሜትር ጥቁር ላሜራ ይሁን። ዚንክ የተነከረው ለብየዳ መጥፎ ነው፦ ጭሱ ሰው ያሳምማል፣ ብየዳውም ይቦረቦራል። የመርካቶ ነጋዴ «አንድ ነው» ብሎ 0.7 ሊሰጥ ስለሚችል በካሊፐር ለክታችሁ ግዙ። ፋብሪካው ነጥብ ብየዳ ባደረገበት ቦታ በላይኛው ላሜራ ላይ በትራፓኖ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ በየ25 ወይም 30 ሚሊሜትሩ በስታችሁ በሚግ (ሽቦ እየመገበ በሚበይደው የኤሌክትሪክ ብየዳ) ሙሉት፤ ተሞርዶ ሲያልቅ ከፋብሪካው ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱ ላሜራ የሚነካካበት ፊት ከመዘጋቱ በፊት ዚንክ ያለው ፕራይመር ይቀባ፣ ከተዘጋ በኋላ ደፉ ውስጥ ሰም ይረጭ። የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን አትድፈኑ፤ አብዛኛው የደፍ ብስባሽ የጀመረው ከተደፈነ ማፍሰሻ ነው።

ስለ ጋዝ ብየዳ አንድ ነገር ልበል። የአዲስ አበባ አንጋፋ ባትላሜራዎች በጋዝ ነው ያደጉት፤ ሚግ የያዘው ወጣት ደግሞ ይንቃቸዋል። ሁለቱም በቦታቸው ልክ ናቸው። ሚግ ለደፍና ለወለል ይሻላል፣ ሙቀቱ ጠባብ ነውና፤ የሚተወው ጉብታ ግን ደረቅ ነው፣ በመዶሻ አይለሰልስም። በፓርፋንጎ ወይም በጎን የሚታይ ፊት ላይ እጁ የሰላ የጋዝ ሠራተኛ የሚሠራው ብየዳ ለስላሳ ስለሆነ ከሥር ተይዞ ተቀጥቅጦ ይስተካከላል፣ ስቱኮ አይፈልግም ማለት ይቻላል። የሚበላሸው ሠራተኛው ሲቸኩልና 20 ሳንቲሜትር ያህል በአንድ ጊዜ ሲሄድ ነው። በሚግም ቢሆን ከ1 ወይም 2 ሳንቲሜትር በላይ ሳትሄዱ ቦታ ቀይሩ፣ በእጅ እስኪነካ ድረስ ይቀዝቅዝ። የመብራቱ ኃይል ሲዋዥቅ የሚግ ብየዳ ከላይ ተኝቶ ይቀራል፣ አይገባም። ሁልጊዜ በቁራጭ ላሜራ ላይ ሞክሩና በፒንሳ ገንጥሉት፤ ብየዳው ከተላቀቀ ያን ቀን ደፍ አትሥሩ።

ከውጭ የመጣ አዲስ አፍንጫ ወይም ፓርፋንጎ ከሣጥን እንደወጣ አይበየድም። ፓርፋንጎ በዚህች መኪና በብሎን የሚፈታ አይደለም፣ የተበየደ ነው፤ ተሳስቶ ከተበየደ መመለሻው ያው ግራይንደር ነው። መጀመሪያ በክላምፕና በቪቴ ብቻ ይያዝ፤ በሩ፣ ኮፈኑ፣ መብራቱ፣ ፍርግርጉና ፓራውልቱ ሁሉ ይገጠሙበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ብየዳ። ቤንዚን ማውጣት፣ ሰልባቲዮውን (የቤንዚን ጋኑን) ማውረድና ባትሪ መፍታት ሳይባልም የሚታወቅ ነው፤ ቢሆንም ሳይደረግ ይቀራል።

ቀለም ለማንሣት አሸዋ መርጨት ለማጠፊያ፣ ለአግዳሚና ለወፍራም ብረት ነው። ኮፈንና ጣሪያ ላይ ሲረጭ አሸዋው ላሜራውን እየደቃ ያሰፋዋል፣ ሰፊው ፊት ይወዛወዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚያቃናው የለም። ለሰፊ ላሜራ ቀለም ማንሻ ኬሚካልና 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይበቃሉ። እርቃኑን የወጣ ላሜራ በክረምት እርጥበት በአንድ ሌሊት ዝገት ያብባል፤ ይህ ሥራ ለበጋ ይቀጠር፣ በዚያው ቀን ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። ስቱኮ ከኤፖክሲው በላይ እንጂ በባዶ ብረት ላይ አይሁን፣ ከ2 ወይም 3 ሚሊሜትርም አይብለጥ።

ቀለሙን ማግኘት

የመጀመሪያው ቀለም የሚገኘው ማንም ድጋሚ ያልቀባው ቦታ ነው፦ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከበሩ የውስጥ ልብስ ኋላ። ከውጭ ደግሞ ሳንቲም በሚያህል ቦታ 600 ከዚያ 1000 ቁጥር ወረቀት በውሃ እያራሳችሁ ፋቁ፤ ቀለሞቹ ክብ ክብ ሆነው በየተራ ይወጣሉ። ከግራጫው የፋብሪካ ፕራይመር በላይ ያለው የመጀመሪያው ቀለበት የፋብሪካው ቀለም ነው። ሁሉም ቀይ አልነበሩም። ኤአር 501 የሚባለው ቀይ ዝነኛ ቢሆንም ነጭ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ኤአር 110 የሚባለው ጭቃማ ቢጫ ሁሉ ነበሩ። ቢጫዋን ቀይ መቀባት አንድን ያልተለመደ መኪና ከብዙዎቹ አንዷ ማድረግ ነው፤ የባለቤቱ መብት ነው፣ ለኔ ግን ይቆጨኛል።

ሜታሊክ ላልሆነ ቀለም ላኬር የሌለው፣ በአንድ ደረጃ የሚያበራ የሁለት ክፍል አክሪሊክ ምረጡ። ላኬር የተደረበበት ቀይ እንደ መስታወት ይጠልቃል፤ ያ ጥልቀት በ1960ዎቹ መኪና ላይ አልነበረም። የኮፈኑ ውስጥና የሞተሩ ክፍል በቦዲው ቀለም ነው የሚቀባው። ጥቁር የሚቀቡት ብዙ ናቸው፣ እድፍ ይደብቃል ብለው።

ወደ ሌሎቹ የጣልያን መኪኖች በአጭሩ። ስፓይደር (ጣሪያዋ የሚታጠፍ) አልፋ ካላችሁ ጭራዋን ተመልከቱ። በ1966 የወጣችው ክብ ጭራ ናት፣ በ1969 መጨረሻ የተቆረጠ ጭራ መጣ፤ አንዱን ወደ ሌላው መቀየር የኋላውን ሩብ ሙሉ እንደገና መሥራት ነው፣ ማንም አያታልላችሁ። በፊያት 124 ስፓይደር ላይ ኮፈኑን ተመልከቱ። ባለ 1438ቷ ኤኤስ ልሙጥ ኮፈን አላት፤ ባለ 1608ቷ ቢኤስ ሁለት ጉብታ ያለው፣ ከሥሩ ያለው ሞተር ስለሚረዝም። ትልቁን ሞተር በኤኤስ ላይ ያስገባ ሰው ኮፈኑን ቆርጦ ከፍ አድርጎት ከሆነ ያ ኮፈን ጠፍቷል። የ124 ኩፔ ባለቤቶች የመጀመሪያዋን፣ ባለ ሁለት የፊት መብራቷን ኤሲ ከያዛችሁ የኋላ መብራቶቿን እንደ ዓይናችሁ ጠብቁ። ላምቦርጊኒ ለመጀመሪያዎቹ ኤስፓዳዎች የተጠቀመው እነዚያኑ መብራቶች ስለሆነ በዓለም ገበያ የሚፈልጋቸው የፊያት ባለቤት ብቻ አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ለመለዋወጫ ብሎ ሌላ ሙሉ መኪና ማምጣት አይታሰብም። እዚሁ ያለው ነገር ዋጋው ጨምሯል ማለት ነው። መኪና ስትገዙ ጥግ ላይ ያለውን ሣጥንም ጠይቁ፣ በተለይ ፒያሳና አካባቢዋ ብዙ ነባር ግቢዎች ስለፈረሱ። የተጣመመ ፍርግርግ፣ የተሰበረ መብራት፣ አሮጌ የመስታወት ጓርኒሲዮን (ዙሪያውን የሚይዘው ላስቲክ) ለናሙና ይሆናሉ። ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራም ናሙና ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው የሚመልሱት፤ «የአልፋ ፍርግርግ አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ያገኙትን ይሰጡታል።

የካርቡሬተር ነገር ከቦዲ ርዕስ ውጭ ቢሆንም ልጥቀሰው፣ «ኦሪጅናል ነው» እየተባለ ሰው ስለሚሠቃይበት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። በባሕር ዳርቻ ልክ የተቆረጠ የዌበር ካርቡሬተር ጂግለር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ትንሽ ጂግለር ግጠሙ፣ የፋብሪካውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

የፊት መስታወቱ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው፣ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ። ጓርኒሲዮኑ መጀመሪያ በመስታወቱ ዙሪያ ይለብሳል፣ የክሮም ጌጡም ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ጎድጓዳው ውስጥ ይገባል። መስታወቱ ከተገጠመ በኋላ ጌጡን ለማስገባት መታገል ወይ ጌጡን ያጣምማል ወይ መስታወቱን ይሰነጥቃል። ከዚያ 4 ሚሊሜትር ገመድ በላስቲኩ የውስጥ ከንፈር ዙሪያ ይዞራል፣ ሁለቱ ጫፎች ከታች መሐል ይተላለፋሉ። የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ እየተጫነ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ ብሎ ይስባል፣ ከንፈሩም እየተገለበጠ ላሜራውን ያቅፋል። አንድ ጥግ እምቢ ካለ በጡጫ አትምቱት፤ ገመዱን አውጡና እንደገና ጀምሩ። ሲያልቅ በቱቦ ውሃ አፍስሱበትና ከዳሽቦርዱ ሥር በደረቅ ወረቀት ዳብሱ። ወረቀቱ ከረጠበ በመስታወቱ ከንፈር ሥር የማይደርቅ ማሸጊያ ይጨመር፤ ሲሊኮን አይሁን፣ ከላሜራው ጋር ውሃ ይዞ ይቀመጣልና ኋላ ሲነሣም ቀለሙን ይዞ ይነሣል።